ቡላው የማን ነው?

ያን ዓመት በጾመ ነቢያት ላሊበላ ውስጥ አጥንት ተሸክማ የምትዞር ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ያውም በደንብ ልብስ! ልኳንዳ ቤቱ ሁሉ ተዘግቶ፣ ከተማው ሽሮና ምስር እየበላ፣ እኔ በጠራራ ፀሐይ ሽታው ከሩቅ የሚጣራ ማዳበሪያ ትከሻዬ ላይ ጥዬ ዳገቱን እወጣለሁ። የሚያውቁኝ ሴቶች ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳብ እያደረጉ፣ "አበስኩ ገበርኩ! ምነው አንቺ፣ ምን ነካሽ?" ይሉኛል።

"ለኔ አይደለም፣ ለውሾቹ ነው" እላለሁ።

"አሃ፣ ለውሾቹ" ይሉና እርስ በርስ ይተያያሉ። ከዚያ ወዲህ ዝክር ቤት በገባሁ ቁጥር ሰው ሁሉ አፍ አፌን ያየኝ ነበር።

ሙያዬ ደንብ ማስከበር ነው። መንገድ ዘግቶ ዳስ የሚጥለውን አስነሳለሁ፣ የተጫነ አህያ ኮብልስቶኑ ላይ ገትሮ ወሬ የሚሰልቀውን እቆጣለሁ፣ ቆሻሻ ቦይ ውስጥ የምትደፋዋን እስከ በሯ እከተላታለሁ። ደመወዙ የመንግሥት ነው፣ ቁጣው ግን የእናቴ ነው። ሥራዬን እወደዋለሁ። ሰው ሲያየኝ ጥግ ጥጉን ሲይዝ ደስ አይለኝም ብል እዋሻለሁ።

ታዲያ ቱሪስት በጠፋባቸው ዓመታት ሆቴሎቹ ተራ በተራ ሲዘጉ፣ ከጓሯቸው ትራፊ እየበሉ ያደጉት ውሾች ሥራ ፈቱ። እኛም ሥራ ፈትተን ስለነበር መጀመሪያ ላይ አልፈረድንባቸውም። በኋላ ግን መንጋ ሠሩ። ከገበያ የሚመለስ ሰው መክበብ፣ ፍየል መንከስ፣ እንግዳ ማስደንበር ጀመሩ። ገና ደግሞ እየቀረበ ነው። ለገና ከየአገሩ በእግሩ የሚመጣው ምእመን በየሜዳው ነጠላውን ተከናንቦ የሚተኛ ነው። በዚያ ሕዝብ መሀል አንድ ያበደ ውሻ ቢገባ ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ነው።

ድሮ ቢሆን መልሱ የታወቀ ነበር፤ ሥጋ ውስጥ መርዝ። ጠዋት ስንወጣ ውሻው በየቦዩ እግሩን ገትሮ ይገኛል። አንድ ጊዜ አንዷ እስከ ቤቴ ደጃፍ መጥታ፣ አፏ አረፋ ደፍቆ፣ ጅራቷን ልትቆላልኝ እየሞከረች ሞታለች። ጅራቷን እኮ ነው የምላችሁ! ያን ቀን ቁርስ አልበላሁም፣ ምሳም አልበላሁም፣ ሰው የሚባል ፍጥረት ሁሉ አስጠልቶኝ ሰነበተ።

ያን ዓመት ወደኛ የተመደበው የእንስሳት ሐኪም ግን ዝምተኛና ግትር ሰው ሆኖ ተገኘ። "መርዝ አልሰጥም" አለ፣ በቃ። "እንያዛቸው፣ እንከትባቸው፣ ባለቤት ያለውን ባለቤቱ ይውሰደው። የተከተበ ውሻ ሰፈሩ ሲመለስ ያልተከተበውን አያስገባም፤ ከተማውን የሚጠብቅላችሁ እሱ ነው" እያለ አለቃችንን ሲጨቀጭቀው ከረመ። አለቃችን ክፉ ሰው አይደለም፤ አቤቱታ ብቻ ነው የሚፈራው። በመጨረሻ እሺ አለ፣ ግን ነገሩን በደንብ አጠረው። ባለቤት ነኝ የሚል ሰው ራሱ መጥቶ፣ ምስክር ባለበት "ይህ ውሻ የኔ ነው፣ ለሚያደርሰው ጉዳት እኔ እጠየቃለሁ" ማለት አለበት። ያን ጊዜ ውሻው ቀይ ክር አንገቱ ላይ ታስሮለት ይሄዳል። የገና እንግዳ መግባት እስኪጀምር ድረስ "የኔ ነው" የሚለው ሰው ያጣ ውሻ ግን በመርፌ ተወግቶ ይሞታል።

"ማን ይጠብቃቸው?" ሲባል ሁሉም ዞሮ እኔን አየ።

"አንቺን ሰው እንኳ ይፈራሻል" አለ አለቃዬ።

ቦታው ከከተማው ወጣ ያለ፣ ሥራ ያቆመ የችግኝ ጣቢያ ነው። አጥር አለው፣ ለጥላ የሚሆን ጽድ አለው። መጀመሪያ ቀን ውሻ ሊይዙ የተቀጠሩት ሰዎች በሽቦ ማነቆ እየጎተቱ ሲመጡ ደሜ ፈላ። የአንዱ ውሻ አንገት ተልጦ ይደማል። "አንተን በሽቦ ቢጎትቱህ ትከተላለህ?" ብዬ ሽቦውን ነጠቅኩና ከአጥር ውጭ ወረወርኩት። ከዚያ ወዲያ ሁሉም በአህያ መጫኛ ሆነ፣ እሱም ላላ ተደርጎ። ሐኪሙ ደግሞ ዓይን ዓይኑን እያዩ ወደ ውሻ መሄድ ደግ እንዳልሆነ፣ ጎን ሰጥቶ ቁጢጥ ማለት እንደሚሻል አሳየን። እኔ በዚህ ሰውነቴ፣ በደንብ ልብሴ ቁጢጥ ብዬ፣ አንዲት አልያዝ ያለች ውሻ ያላየሁ መስዬ ሰማይ ሰማዩን ሳይ አጥሩ ላይ የተንጠለጠለው ወሬኛ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። "ሥራ የላችሁም?" ብዬ ስጮህ እግሬ አውጪኝ አሉ። ውሻዋ ግን መጣች።

ትልቁ ራስ ምታት ምግብ ነበር። ጾም ነው፤ ከየቤቱ የሚገኘው ትራፊ እንጀራ በሽሮ ነው። በሆቴል ጓሮ ያደገ ውሻ ሽሮ ሲቀርብለት እንዴት እንደሚያይ ልንገራችሁ? ያሸተዋል፤ ቀና ብሎ ያያችኋል፤ እንደገና ያሸተዋል፤ ከዚያ ዋናው ወጥ እስኪመጣ እንደሚጠብቅ ሰው ቁጭ ይላል። ሁለተኛው ቀን ላይ አንጀቴን በሉት። መናኸሪያው አጠገብ ለሾፌሮች ምግብ የምትሸጥ አንዲት ሙስሊም ሴት አለች፤ በጾማችን ጊዜ ሥጋ የሚሠራው እሷ ቤት ነው። ሄጄ ነገርኳት።

"ነፍስ አይደለም እንዴ፣ አጅር አለው" አለችኝ፣ ምንዳ ታገኝበታለች ማለቷ ነው። "አጥንቱን በየቀኑ ውሰጂ። ብቻ ያ ማዳበሪያ ቀሚሴን እንዳይነካኝ፤ የውሻ ምራቅ ይዞ እየተመለሰ እንዴት ሶላት እቆማለሁ?"

እኔ ጾመኛ ነኝ፣ እጄን ጮማ እንዳይነካኝ እሸሻለሁ። እሷ ሰጋጅ ናት፣ ልብሷን ምራቅ እንዳይነካት ትሸሻለች። ማዳበሪያውን ስንቀባበል ሁለታችንም በሁለት ጣት ጫፉን ይዘን፣ ፊታችንን ወዲያና ወዲህ አዙረን ነበር። አይታኝ ትስቃለች፣ አይቻት እስቃለሁ።

ባለቤቶችም መምጣት ጀመሩ። ከሙጃ ደጋ እህል ሊሸጥ ወርዶ ውሻው የተያዘበት አንድ ገበሬ ትዝ ይለኛል። አጥር ውስጥ ሲያየው ሮጦ ገብቶ አቀፈው፣ ግንባሩን ሳመው። ከዚያ ዘወር ሲል እኛን አየ። ወዲያው ገፈተረውና "ሂድ ወዲያ፣ አንተ ቀላዋጭ!" ብሎ ተቆጣው። ቀዩን ክር ሲያስር ግን እንዳያንቀው ደጋግሞ በጣቱ ይለካ ነበር። እኔም ራሴ አንዲት አንካሳ ጥቁር ውሻ "የኔ ናት" ብዬ ወሰድኩ። አለቃዬ ይህን ሲያይ፣ "ከአሁን በኋላ የቢሮ ሰው ከአንድ በላይ አይወስድም፤ ያለበለዚያ አንቺ ሁሉንም ጠቅልለሽ ትገቢያለሽ" ብሎ አዲስ ደንብ አወጣ። ያቺን ቀን ደንቡ አሳቀኝ። በኋላ ግን አቃጠለኝ።

ያቃጠለኝ በቡላው ምክንያት ነው።

ቡላው ስም የለውም፤ መልኩ ቡላ ስለሆነ ነው እንዲህ የምለው። የሚኖረው ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው መንገድ ሥር፣ ከአንዲት አሮጊት መነኩሲት ጎጆ ደጃፍ ነበር። አንድ ክረምት ታሞ መጥቶ በራቸው ላይ ተኛ፤ እማሆይ ከምጽዋት እንጀራቸው እያካፈሉ አዳኑት፤ ቀረ። የእማሆይ ዓይን እየደከመ ሲሄድ መንገድ መሪያቸው ሆነ። ለኪዳን ጸሎት ገና ሳይነጋ ቁልቁለቱን ሲወርዱ እሱ ከፊት ከፊት ይሄዳል። ቡላው ሲቆም ይቆማሉ፤ ድንጋይ ወይም ገደል አለ ማለት ነው። ሲሄድ ይሄዳሉ። የጅብ ጥላ ካየ ደግሞ ጩኸቱ ለኛ ሰፈር ይበቃል። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሲደርሱ ውጭ ይቀመጥና ጸሎት እስኪያልቅ ይጠብቃቸዋል።

ለኅዳር ጽዮን ግን ሕዝቡ በዛ፣ ግፊያ ሆነ፣ እማሆይ ሳያውቁት ቡላው ተከትሏቸው በዋሻው መተላለፊያ ገባ። በኋላ ሲታይ የቤተ ክርስቲያኑ ደፍ ላይ ቆሟል! በስመ አብ! ውሻና ቤተ መቅደስ እንዴት እንደሆኑ እኛ ዘንድ ሕፃን ያውቃል። ጸሎት ተደረሰ፣ ጠበል ተረጨ፣ በዓሉ ተበላሸ። የፊት እግሩን አስገብቷል የሚል አለ፤ አፍንጫውን ብቻ ነው የሚል አለ፤ ጠላ ቤት ሳይቀር ሰው በዚህ ተጣልቷል። በማግስቱ ቡላው ተይዞ እኔ ዘንድ መጣ።

ካህናቱ አለቃዬን ባገኙት ቁጥር "ያ ውሻ ምን ደረሰ?" ይሉታል። ስለዚህ ሌላውን ውሻ ሁሉ ጎረቤትም ዘመድም ሲወስድ፣ ቡላውን "የኔ ነው" የሚል ከየት ይምጣ? ካህን በሞላበት ከተማ፣ መቅደስ የደፈረው ውሻ ባለቤት ተብሎ መጠራት ማን ይፈልጋል?

እማሆይ ግን በየቀኑ ይመጡ ነበር። ያን ሁሉ ቁልቁለት፣ አሁን ያለ መሪ፣ በምርኩዝ እየዳሰሱ። ያቺን ቁራሽ እንጀራ በአጥሩ ያቀብሉታል፤ እሱ አጥንቱን ትቶ እሷን ይበላል። እኔ ደስ አለኝ፣ ባለቤቱ ተገኘ ብዬ።

"እማሆይ፣ ውሻው የእርስዎ ነው አይደል?"

"ኤዲያ! እኔ ምን አለኝና።"

"እሺ፣ የሚያድረው የት ነው?"

"ጎጆው በር ላይ።"

"የማን ጎጆ?"

"ያችው ጎጆ ናታ።"

"የሚያበሉትስ እርስዎ አይደሉም?"

"እግዜር ነው የሚያበላው።"

"በማን እጅ?"

"አንቺ ልጅ፣ ነገር መጎልጎል ትወጃለሽ" አሉኝና ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ትተው አስረዱኝ። ቆቡን የደፉ ቀን ጸሎተ ፍትሐት ተደርሶላቸዋል፤ ለሞተ ሰው የሚደረሰው ፍትሐት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚህ ዓለም ምንም የላቸውም። "ሞቻለሁ እኮ። የሞተ ሰው ውሻ አለኝ ሲል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?"

ያኔ ነው ያስተዋልኩት። እማሆይ "ጎጆዬ" አይሉም፣ "ምርኩዜ" አይሉም። ጉልበታቸውን ሲያማቸው እንኳ "ጉልበቱ አመመ" ነው የሚሉት። ሌሎቹ መነኮሳት ያገኙትን ሁሉ "የኔ ልጅ፣ የኔ ልጅ" ሲሉ እሳቸው እኔን "አንቺ ልጅ" ብቻ ነው። ለውሻው ስም ያላወጡለትም ለዚሁ ነው፤ ስም ያወጣ ሰው ባለቤት ይሆናላ! እኛ ደግሞ ከሰው ሁሉ መርጠን እሳቸውን ነው "የኔ ነው ይበሉ" የምንለው።

"እንግዲያው እኔ የኔ ነው ብዬ ላውጣልዎት" አልኳቸው፣ የአለቃዬን ደንብ እንደምንም አልፈዋለሁ ብዬ።

"እንዳታደርጊው! ለዚህ ብለሽ ትዋሺና ውሻው ይድናል፣ አንቺ ትኮነኛለሽ።"

አለቃዬም ቢሆን አልሰማኝም። "አንቺ ድርሻሽን ወስደሻል" አለኝ። "እኔስ ወድጄ መሰለሽ? የሚጠየቅልኝ አንድ ሰው ስጪኝ፤ ለካህናቱ መልስ ይኖረኛል፣ ውሻው ይወጣል። ሰው ከሌለ ምን ብዬ ልልቀቀው?" ክርክሩ ልክ ስለነበር ይብስ ቆሽቴ አረረ።

አንድ ቀን እማሆይ አርፍደው መጡ። ጉልበታቸው ተልጧል፣ ቀሚሳቸው ጭቃ ነው። ወድቀዋል። ለኪዳንም አልደረሱም፤ ቦዩ ዳር ቁጭ ብለው ነጋባቸው። "ምንም አይደል" ይሉኛል፣ እጃቸውን በአጥሩ አሾልከው የቡላውን ጆሮ እያሻሹ። እኔ ግን ገባኝ። ውሻው ከሞተ እኚህ ሴት ቤተ ክርስቲያን መሄዳቸው ቀረ ማለት ነው። ወይም ይሄዱና አንድ ቀን ከገደል ሥር እናነሳቸዋለን።

በዚያው ንዴት በቀጥታ የነፍስ አባታቸው ዘንድ ሄድኩ። ረጅም፣ ቆፍጣና ቄስ ናቸው፤ ፈገግ ሲሉ ያየ የለም። መስቀላቸውን ተሳለምኩ።

"አባ፣ ይፍቱኝ።"

"እግዚአብሔር ይፍታሽ። ስለዚያ ውሻ ከሆነ የመጣሽው፣ አላዝም።"

"አንዲት ቃል እኮ ናት አባ! እርስዎ ይበሉ ካሏቸው ይላሉ።"

"መነኩሴን ወደ ዓለም የምትመልሰው አንዲት ቃል ናት። ዛሬ 'የኔ ውሻ'፣ ነገ 'የኔ በግ'፣ ከነገ ወዲያ 'የኔ መሬት'።"

"እሺ፣ ውሻው ሲሞት እማሆይ በምን ይወርዳሉ?"

ቄሱ ቀና ብለው የአሸተንን ዳገት አዩ። "እግዚአብሔር ያውቃል" ብለው ጥምጥማቸውን አስተካክለው ገቡ። ደጃፉ ላይ ቆሜ ለራሴ ስንት ነገር ተናገርኩ፤ ካህን ስለሆኑ እንጂ ፊት ለፊት እለው ነበር።

ቀኑ ደረሰ። የመጀመሪያዎቹ እንግዶች እየዘመሩ በኮን መንገድ እየገቡ ነው ተባለ። ሌሎቹ ውሾች ሁሉ ባለቤት አግኝተዋል። ያቺ የመናኸሪያዋ ሴት ሳትቀር ለግቢዬ ጠባቂ ትሁነኝ ብላ፣ ገመዱን በረጅሙ ይዛ፣ አንዷን ወስዳለች። የቀረው ቡላው ብቻ ነው። ጽዱ ሥር ተኝቶ በሩን ያያል። አለቃዬ መጥቶ ሰዓቱን ያያል። ሐኪሙ ቦርሳውን ከፍቶ ይዘጋል፣ ይከፍታል፣ ይዘጋል። እኔ ደግሞ ሁለቱንም እያየሁ በዓለም ያለውን ደንብ ሁሉ እረግማለሁ።

ቡላው በድንገት ብድግ አለ። ጅራቱ ተነሳ። እኛ ምንም ሳናይ እሱ አውቋቸዋል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እማሆይ በአጥሩ ጥግ ብቅ አሉ፣ ምርኩዛቸውን እያስቀደሙ።

"አለቃው የታለ?" አሉ።

"አለሁ እማሆይ" አለ አለቃዬ፣ ወደሳቸው ጠጋ ብሎ።

"ውሻው የኔ ነው።"

አለቃዬ ከሰዓቱ ላይ ቀና አለ። "ምን አሉኝ?"

"የኔ ነው አልኩህ! የኔ! ቢነክስ እኔ ልጠየቅ፣ ቢያጠፋ እኔ ልቀጣ። አልሰማህም? ወይስ ደወል ላስደውል?" ምርኩዙን መሬት ላይ ሲመቱት አቧራው ተነሳ። እንዲያ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም። ከእናቴ ወዲህ እንዲያ የተቆጣ ሰውም አላየሁም።

"ሰምቻለሁ እማሆይ፣ ሰምቻለሁ" አለ አለቃዬ። ሐኪሙ ቦርሳውን ዘግቶ እስከ ጽዱ ድረስ ሄደና ጀርባውን ሰጠን። ቀዩን ክር የማስረው እኔ ነኝ። እንባዬ ቋጠሮውን ጋረደብኝ፣ አፍንጫዬን እየሳብኩ ስታገል እማሆይ ከላይ ሆነው ይሰሙኛል።

"ምን ያስለቅስሻል አንቺ ልጅ?"

"እማሆይ፣ ያ ሁሉ ቃልዎ..."

"ሞቻለሁ ብዬ ሌላ ነፍስ ላስገድል?" አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ "ክሩን እንዳታጠብቂበት" አሉኝ።

ገና መጣ፣ ከተማው ነጭ በነጭ ሆነ። የእንግዳ እግር ስናጥብ፣ የጠፋ ሰው ስናፈላልግ፣ እኔም መንገድ የሚዘጋውን ስጮህበት ሰነበትኩ። የተነከሰ ሰው አልነበረም። ቀይ ክር ያሰሩ ውሾች በየደጃፉ ተኝተው እንግዳውን በአንድ ዓይናቸው ያያሉ። ሐኪሙን መንገድ ላይ ሳገኘው ደረቱን ነፍቶ ይሄድ ነበር፤ ቢነፋም አይበዛበት።

የእማሆይን ነገር የሰማሁት ግን ከዚያ በኋላ ነው። በዚያው ቀን ከችግኝ ጣቢያው በቀጥታ ወደ ነፍስ አባታቸው ሄደው ተናዝዘዋል። ቄሱም ቀኖና ሰጧቸው፤ ስግደት፣ ያውም በዚያ ጉልበት። ስሰማ ተንገበገብኩ። ጎጆዋ ድረስ ሄጄ ከሩቅ አየኋቸው። ይሰግዳሉ፣ ይነሳሉ፣ ይሰግዳሉ። ቡላው አጠገባቸው ተኝቶ አብሮ ዓይኑን ዝቅ ከፍ ያደርጋል። ላቋርጣቸው ፈርቼ ተመለስኩ።

ጥምቀት አልፎ ከተማው ጸጥ ባለ ሰሞን፣ ቢሮ ቁጭ ብዬ ሻይ ስጠጣ ምርኩዝ ሲመታ ሰማሁ። እማሆይ ናቸው። ቡላው ደጃፉ ላይ ተቀመጠ፤ ከኅዳር ጽዮን በኋላ ደፍ አያልፍም፣ ተምሯል። ተነስቼ ወንበር ሰጠኋቸው። አልተቀመጡም።

"ቃሉን ልመልስ ነው የመጣሁት" አሉኝ።

"የቱን ቃል?"

"ያን ቃል። ስግደቱ አለቀ። አባ ደግሞ 'ንስሐሽ የሚፈጸመው ቃሉን ከወሰድሽበት ቦታ ስትመልሺው ነው' አሉ። እንግዲህ ተረከቢኝ። ውሻው የማንም አይደለም።"

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ። ማለታቸው ምን እንደሆነ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ፤ የማንም ያልሆነ ውሻ በሚቀጥለው ዘመቻ የት እንደሚደርስ። ቡላው ደጃፉ ላይ ሆኖ ጆሮውን ያረግባል። ከዚያ ድንገት፣ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ኮፍያዬን አንስቼ አደረግኩ። ቀሚሴን ጎትቼ አስተካከልኩ። መንገድ የዘጋ ሰው ላይ የምጮህበትን ድምፅ አወጣሁ።

"አይቻልም እማሆይ።"

"ምነው?"

"ደንቡ አይፈቅድም። አንዴ የኔ የተባለ ውሻ እስኪሞት ድረስ ያው የባለቤቱ ነው። መመለስ የሚባል ነገር የለም።"

እንዲህ ያለ ደንብ የለም። ኖሮም አያውቅም። ይህን ስል አለቃዬ ከወዲያኛው ክፍል ብቅ ሲል አየሁትና ክው አልኩ። ቀዩን ክር አየ፣ እማሆይን አየ፣ ኮፍያዬን አየ። ጉሮሮውን ጠረገ።

"እውነቷን ነው" አለ። "በጣም ጥብቅ ደንብ ነው።"

እማሆይ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። "ለአባ እንዲህ ብዬ ልንገራቸው? ልመልስ ሄጄ የማይመለስ ነው አሉኝ ብዬ?"

"ይንገሯቸው" አልኩ። "ቅሬታ ካላቸው እኔ ዘንድ ይምጡ።"

"ደንብ ነው ትላላችሁ።"

"ደንብ ነው።"

"ከሆነማ ምን ይደረጋል። መነኩሴ የታዘዘውን ነው" አሉና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጫን አደረጉ። ሳቅ ሊያመልጣቸው ነው። ቶሎ ብለው ዞሩ። እኔ እስከ ደጃፉ ተከተልኳቸው። ከቢሯችን ፊት ያለው ደረጃ የተሰነጠቀ ነው፤ ቡላው ከስንጥቁ በፊት ቆመ፣ እሳቸውም ቆሙ። ጎንበስ ብለው ጆሮውን ፈለጉና አሹት። ማንም የሚሰማቸው አልመሰላቸውም።

"እሺ፣ ቀስ ብለህ ምራ" አሉት። "ቀስ በል፣ የኔ ልጅ።"